ከፍተን ሸኘናት፣ ተከፍታ ቀረች፦ የአንዲት የሙሽራ መኪና ጣሪያ ጉዳይ

ይህን ጉዳይ የምጽፈው ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ትንሽ ጋራዥ አለኝ። ሥራዬ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው። ባለፈው ግንቦት ጣሪያዋ ቁልፍ ተጭነው የሚከፈት አንዲት መኪና ጠገንኩ። ጣሪያው ሲከፈት አየሁ፣ ደስ አለኝ፣ ሸኘኋት። በማግስቱ ሙሽሮች ተቀምጠውባት ጣሪያው ግማሽ ድረስ ወጥቶ ቆሞ ቀረ። ዝናብም መጣ።

የሰዎቹን ስም አልጠቅስም። የመኪናዋንም ሥሪት ትቼዋለሁ። የደረሰው ነገር የሥሪቷ ጉዳይ አይደለም፤ ጣሪያው የሚታጠፍ ማንኛውም መኪና ላይ ሊደርስ ይችላል።

መኪናዋና ሥራዋ

ሁለት በር፣ አራት ወንበር፣ የጨርቅ ጣሪያ። ዕድሜዋ 15 ዓመት አልፏል። ባለቤቷ ለሰርግ መኪናና ዲኮር የሚያከራዩ ሴት ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው። እንዲህ ያለ መኪና በአካባቢያችን ብዙ ስለሌለ ከባሕር ዳር አልፋ ዳንግላም፣ ፍኖተ ሰላምም፣ ደብረ ማርቆስም ትጠራለች።

ሥራዋ በዓመት ሁለት ወቅት ነው። አንዱ ጥር ነው። ሌላው ከፋሲካ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። በዐቢይ ጾም ሰርግ ስለማይደገስ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ይደራረባል። ጥር ደረቅ ነው፤ የጥር ጣጣ አቧራ ነው። ግንቦት ግን ሰማዩ አይታመንም። ጠዋት ፀሐይ ሲያቃጥል ይውልና ከሰዓት በኋላ ደመናው ድንገት ይመጣል። ለዚች መኪና ጣሪያ እውነተኛው ፈተና ግንቦት ላይ ነው።

ስለ አሠራሩ ትንሽ ልበል፤ ያለዚያ ቀጥሎ የምለው አይገባም። ከኋላ ዕቃ መጫኛው በግራ በኩል፣ ከምንጣፉ ሥር፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የዘይት ፓምፕ አለ። ፓምፑ ዘይት እየገፋ ሲሊንደሮችን ያንቀሳቅሳል። ቁልፉን ተጭነው ሲይዙት መጀመሪያ የመስኮት መስታወቶች ዝቅ ይላሉ። ከዚያ ጣሪያው ከፊት መስታወቱ አናት ይላቀቃል። ከኋላ ያለው የማስቀመጫው ክዳን ወደ ላይ ይነሳል። ጣሪያው ታጥፎ ይገባል፣ ክዳኑ ይዘጋበታል። ሲዘጋ ይኸው ሁሉ ወደ ኋላ ይመለሳል።

ዋናው ነገር፣ እያንዳንዱ ደረጃ ማለቁን የሚናገር ትንሽ ስዊች ወይም ሴንሰር አለው። ኮምፒዩተሩ «ክዳኑ ሙሉ በሙሉ ተነስቷል» የሚል መልእክት ካልደረሰው ጣሪያውን አያንቀሳቅስም። እየተንቀሳቀሰ ሳለ መልእክቱ ቢቋረጥም ባለበት ያቆመዋል። ለክፋት አይደለም። ብረት ከብረት እንዳይጋጭ ነው።

የመጀመሪያው ጥገና

እትዬ መኪናዋን ያመጧት ጣሪያው ስለዘገመና ስለተንጋደደ ነው። ቀኝ ጎኑ ይቀድማል፣ ግራው ይጎተታል። የዕቃ መጫኛው ምንጣፍ ላይ ቅባት ነበር። ስንፈታው የግራው ሲሊንደር ዘንግ የሚወጣበት ላይ ያለው የዘይት መጠበቂያ ጎማ አርጅቷል። ዘይቱ የሚወጣው በዚያ ነው። ጎማው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አራት ቀን ጠበቅን። ገጠምነው። ዘይት ሞላን። ነቅለነው የነበረውን ባትሪ መለስን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ምንጣፉን ስናነሳ ከሥሩ እርጥብ ነበር። ረዳቴ በጣቱ ነክቶ፣ አሽቶ፣ «ይሄ እኮ ውሃ ነው» አለኝ። እኔ የሚፈስ ዘይት ነበር የምፈልገው፣ ዘይትም አግኝቼ ነበር። «ተወው፣ ሲታጠብ ገብቶ ይሆናል» አልኩት። ልጁ ዝም አለ።

ከዚያ ሞከርን። አንድ ጊዜ ከፈትን፣ አንድ ጊዜ ዘጋን። እትዬ ሲመጡ ለእሳቸው ለማሳየት እንደገና ከፈትን። ጣሪያው ቀጥ ብሎ፣ ሳይንጋደድ ታጥፎ ገባ። የጎረቤት ጎሚስታዎች ሳይቀሩ አጨበጨቡ። ሾፌሩ ክፍቷን እንዳለች ነድቶ ወጣ። እኔም እጄን ታጠብኩ።

ያን ሁሉ ስናደርግ ባትሪው ላይ ቻርጀር ተሰክቶ ነበር። ያኔ ግድ አልሰጠኝም።

ሐይቁ ዳር

በማግስቱ ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ ስልኬ ጮኸ። ሾፌሩ ነው።

«ጋሼ፣ ጣሪያው ቆሟል።»

«ቆሟል ማለት?»

«እንደ ጃንጥላ ቆሟል። አይወርድም፣ አይዘጋም።»

ረዳቴን ይዤ በባጃጅ ሄድኩ። ሙሽሮቹ ጣና ዳር ፎቶ ሲነሱ ነበር። መኪናዋ ለአንድ ሰዓት ያህል ሞተሯ ጠፍቶ፣ ቴፑ እየዘፈነ፣ መብራቷ ለቪዲዮው እንዲያምር በርቶ ቆይታለች። ደመናው ሲከብድ ሾፌሩ የመዝጊያውን ቁልፍ ይዞ ጣሪያው ግማሽ ድረስ ወጣ። ከዚያ ቆመ። መስታወቶቹ ወርደዋል። የኋላው ክዳን እንደተነሳ ነው። ስደርስ ማንጠባጠብ ጀምሮ ነበር። ሙሽሪት ቬሎዋን ሰብስባ ወደ አጃቢዎቹ ሚኒባስ ተዛውራለች። አንዱ ሚዜ ሱፉን አውልቆ ወንበሩን ይሸፍናል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የዕቃ መጫኛውን መጋረጃ ነው። ጣሪያው የሚገባበትን ቦታ ከዕቃው የሚለይ መጋረጃ አለ። ወርዶ ካልተቆለፈ ሥርዓቱ አይሠራም። ሚዜዎች ውሃና ለስላሳ ጭነው ቢሆን ብዬ አየሁ። ምንም አልነበረም፤ መጋረጃው በቦታው ነው።

ያለው አማራጭ በእጅ መዝጋት ነው። ይህ በጥንቃቄ የሚደረግ ነው። ጣሪያውን አየር ላይ የያዘው በሲሊንደሮቹ ውስጥ ያለው የዘይት ግፊት ነው። ግፊቱ ሲለቀቅ ጣሪያው በክብደቱ ይወድቃል፤ ጣት ካገኘ ይቀጠቅጣል። ስለዚህ ረዳቴ በግራ፣ ሾፌሩ በቀኝ ጣሪያውን ከሥር ያዙ። የሞተሩን ቁልፍ አጠፋሁ። በብሩጎላ (ባለ ስድስት ጎን መፍቻ) የፓምፑን ግፊት መልቀቂያ ቀስ ብዬ አላላሁ። ሁለቱ እኩል እየገፉ ወደ ፊት አወረዱት። ከፊት ያለውን መቆለፊያም በብሩጎላ አዙረን ቆለፍነው። ዝናቡ ጣሪያው እስኪወርድ አልጠበቀንም። ወንበሩ ራሰ። እኛም ራስን።

እትዬ ሲደርሱ ጨርሰን ነበር። አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። እርጥቡን ወንበር በመዳፋቸው ዳበሱና «አንተ ልጅ፣ መክፈቱንማ ማን አቃተው? እኔ የምከፍልህ እንዲዘጋልኝ ነው» አሉኝ።

«እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳቸው። ሌላ ምን እላለሁ።

ያልረዱን ነገሮች

ሰኞ ጠዋት መኪናዋ ተመለሰች። መጀመሪያ ያደረግነው ነገር ሁሉ ገንዘብና ጊዜ የበላ ነው። አጠር አድርጌ ላሳልፈው።

የፓምፑን ሪሌዎች፣ ኃይል የሚያገናኙትንና የሚቆርጡትን ትንንሽ ማብሪያዎች፣ ቀየርን። ለውጥ የለም። አንድ የማከብራቸው አንጋፋ መካኒክ ድምፁን ሰምተው «ፓምፑ ሞቷል» አሉ። ፓምፑ ከውጭ የሚመጣ፣ በጣም ውድ ዕቃ ነው። ላዝዝ ስልኬን አንስቼ ነበር። ሌላ ወዳጄ ደግሞ ዘይቱ የፍሬን ዘይት ቢሆን ይፈጥናል አለኝ። ይህን እንኳ አልሞከርኩም፤ ማንም እንዳይሞክረው። የዚህ ሥርዓት ጎማዎች ለማዕድን ዘይት የተሠሩ ናቸው። የፍሬን ዘይት ሲነካቸው ያብጣሉ፣ ይለሰልሳሉ፣ ከዚያ ሁሉም ሲሊንደር ያፈሳል። የዘይት ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ የተጻፈውን ዓይነት ዘይት ብቻ ነው የምትጨምረው።

ከዚያ መገመቱን ትተን መለካት ጀመርን።

ምክንያቱን ፍለጋ

ኮምፒዩተር ሰክተን አየናት። ሁለት ስሕተት መዝግባለች። አንዱ ቮልቴጅ መውረድ ነው። ሁለተኛው ስለ ማስቀመጫው ክዳን ስዊች ነው፤ መልእክቱ እርስ በርሱ አይጣጣምም ይላል። አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር።

ከቮልቴጁ ጀመርን። የሞላ ጤነኛ ባትሪ ቆሞ ሳለ ወደ 12.6 ቮልት ያሳያል። ሞተር ሲነሳ ዲናሞው ወደ 14 ያደርሰዋል። የእኛ ቻርጀርም እንደዚያው ከፍ አድርጎ ይዞት ነበር። አሁን ቻርጀሩን ነቅለን፣ ሞተሩን አጥፍተን፣ መብራቱን አብርተን ቁልፉን ስንጫን ፓምፑ ጋ የሚደርሰው ከ10 ቮልት ብዙም አይበልጥም። ፓምፑ ያቃስታል። ሞተ የተባለው ያን ድምፅ ሰምተው ነው። ለካ ርቦት ነው።

ባትሪውን ለብቻው ስንፈትነው ደህና ነው። ታዲያ ቮልቱ የት ይጠፋል? ረዳቴ ሽቦዎቹ ኃይሉን ምን ያህል እንደሚያግዱ በኦም ለካ፤ ሁሉም ጤነኛ አሳየ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የዛገ ማሳ፣ ማለትም ኃይሉ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት ከመኪናዋ ብረት ጋር ያለው መጋጠሚያ፣ ጭነት ሳይኖርበት በኦም ሲለካ ደህና ይመስላል። ችግሩ የሚታየው ፓምፑ ሲጎትት ብቻ ነው። ስለዚህ የቮልት መለኪያውን (የመልቲሜትሩን) አንዱን ጫፍ የፓምፑ ማሳ ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አድርገን ፓምፑን አስነሳን። ከ1 ቮልት በላይ አነበበ። ግማሽ ቮልት እንኳ ብዙ ነው፤ ወደ ዜሮ መጠጋት ነበረበት። ቡሎኑን ስንፈታው ከሥሩ ያለው ብረት አረንጓዴና ቡናማ ሆኗል። በዝገት ተበልቷል።

ዝገት ያለ ውሃ አይመጣም። የልጁ እርጥብ ጣት ትዝ አለኝ።

ጣሪያው የሚታጠፍበት ቦታ ዙሪያውን አሸንዳ አለው። ዝናብ ሲዘንብ በጨርቁ ላይ የወረደው ውሃ እዚያ ተሰብስቦ በሁለት ቀጭን የጎማ ቱቦዎች ወደ መኪናዋ ሆድ ሥር ይወርዳል። አንድ ብርጭቆ ውሃ በግራው በኩል አፈሰስን። ከሥር አልወጣም። ቆመ፣ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ።

ረዳቴ «በኮምፕረሰር እንንፋው» አለ። ከለከልኩት። ኃይለኛ አየር ቱቦውን ከመጋጠሚያው ሊያወልቀው ይችላል፤ ያኔ ውሃው በቀጥታ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ይገባል። ጠንካራ ሽቦም ቱቦውን ይቀዳል። ከጣና ዓሣ አጥማጆች ወፍራም ናይለን አስመጣንና ጫፉን በእሳት አድበልብለን ቀስ እያልን ሰደድነው። የወጣው ነገር አሳቀንም፣ አሳፈረንም። ጥቁር ጭቃ የመሰለ ዝቃጭ ነው። በውሃ ስናጥበው የበሰበሰ የጽጌረዳ ቅጠል ሆነ። በመሃሉ ብልጭልጭ የወርቅና የብር ወረቀት አለ።

ሙሽሮች ላይ የሚበተነው ነው። ጣሪያው ክፍት ሆኖ አበባ ሲበተን ግማሹ ሙሽሮቹ ላይ፣ ግማሹ አሸንዳው ውስጥ ይገባል። የስንት ሰርግ አበባ ነው እዚያ የተከማቸው! ቱቦው ተደፈነ፣ ውሃው ማሳው ላይ ተኛ፣ ማሳው ዛገ፣ ፓምፑ ተራበ።

ማሳውን እስከ ንጹህ ብረት ድረስ ቦረሽነው፣ አዲስ ጫፍ አሰርንለት፣ ግሪስ ቀባነው። ልኬቱ ወደ 0.1 ቮልት ወረደ። ፓምፑ ድምፁ ተለወጠ። ጣሪያው ተከፈተ፣ ተዘጋ። ልጁ «አበቃ» አለ። እኔም ልል ነበር፤ የእትዬ ነገር ስለከነከነኝ «ድገመው» አልኩት። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያልን ስድስተኛ ደረስን። በሰባተኛው ሲዘጋ ልክ ሐይቁ ዳር የቆመበት ቦታ ላይ ቆመ።

ሁለተኛው ስሕተት ይኸው ነበር። ከማስቀመጫው ክዳን ስዊች የሚመጣው ሽቦ በማጠፊያው በኩል ያልፋል። ክዳኑ በተነሳና በወረደ ቁጥር ይታጠፋል። ዓመታት ሲታጠፍ ውስጡ ያለው መዳብ ተበጥሷል። ላዩ ያለው ፕላስቲክ ግን ደህና ነው፤ በዓይን ቢያዩት ምንም አይታይበትም። የተበጠሱት ጫፎች አንዳንዴ ይነካካሉ፣ አንዳንዴ ይለያያሉ። እንዲህ ያለውን ለመያዝ አንድ ዘዴ አለ። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በሁለት ጣት ይዘህ ቀስ ብለህ ትስባለህ። ጤነኛው አይለጠጥም። መዳቡ የተቆረጠው ግን በዚያ ቦታ እንደ ማስቲካ ይሳባል። አራተኛው ሽቦ ተሳበ።

ቀጫጭን ክሮች ባሉት ተጣጣፊ ሽቦ ቀየርነው። መጋጠሚያውን ከማጠፊያው አርቀን አደረግነው። በሳልዳ አልበየድነውም፤ የተበየደ ሽቦ ስለሚደርቅ እየታጠፈ ሲኖር እዚያው ይሰበራል። በመጭመቂያ ጫፍ አሰርነው። የሽቦው ዋጋ ከሁለት ማኪያቶ አይበልጥም። እኔ ደግሞ ፓምፕ ላዝዝ ነበር።

ሁለት ትንንሽ ስሕተቶቼንም በዚያው አገኘሁ። ዘይቱን የለካሁት ጣሪያው ዝግ ሆኖ ነው። የሲሊንደሩ ዘንግ ሲወጣና ሲገባ በማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው የዘይት ከፍታ ይለያያል። በየትኛው አቋም መለካት እንዳለበት የሚወስነው ሠሪው ነው፤ በዚች መኪና ጣሪያው ታጥፎ ከገባ በኋላ ነው። እንደገና ስለካው ዝቅ ብሎ ተገኘ። ሲሊንደሩ ስለተፈታ አየርም ገብቶ ነበር። ደጋግሞ መክፈትና መዝጋት አየሩን ወደ ማጠራቀሚያው መለሰው፤ የጎደለውን ሞላን። ሌላው፣ ባትሪ ሲነቀል የመስኮቶቹ ማስታወሻ ይጠፋል። የቀኙ መስታወት ለጣሪያው ዝቅ ሲል ከሚገባው በላይ ይወርድ ነበር፣ ሲወጣም ጎማውን በትክክል አያገኝም። የመስኮቱን ቁልፍ እስከ ላይ ድረስ ይዞ፣ ጥቂት ሰከንድ አቆይቶ፣ ወደ ታችም እንዲሁ በማድረግ አስተማርነው።

ሁለተኛው ፍተሻ

በዚህ ጊዜ ሙሉ ቀን ሰጠነው። እትዬም ከጎናችን በርጩማ ላይ ተቀምጠው ውለዋል። ቡናቸውን አስፈልተው፣ እያንዳንዱን መዝጋት በዓይናቸው እየተከተሉ።

በሦስት ዓይነት ኃይል ሞከርን። ሞተር ተነስቶ፣ ሞተር ጠፍቶ፣ ከዚያ ሞተር ጠፍቶ መብራትና ቴፕ በርቶ። ቻርጀር የሚባል ነገር በአጠገቧ አልደረሰም። የመጨረሻው ለመኪናዋ ጥሩ አሠራር አይደለም፤ በመደበኛው ጊዜ ሞተር አስነስቶ መክፈት ነው የሚመከረው። ሰርግ ላይ የሚሆነው ግን ያ ነው፤ ስለዚህ እሱንም ማየት ነበረብን።

በስልክ ሰዓት ያዝን። ሲከፈት 22 ሰከንድ፣ ሲዘጋ 24። እያንዳንዱን በደብተር ጻፍን። ሰዓቱ እየጨመረ ከሄደ አንድ ነገር እየተዳከመ ነው። ፓምፑ እንዳይግል በየሁለቱ ዙር ዕረፍት ሰጠነው። ከጋለ ራሱን ያጠፋል፤ ያን ብልሽት ነው ብሎ የሚፈታ ሰው አይቻለሁ። በአጠቃላይ 20 ጊዜ ከፍተን ዘጋን። አልቆመም።

በመስታወቶቹ ዙሪያ ያሉትን የውሃ መከላከያ ጎማዎች በ10 ብር ኖት ፈተሽን። ብሩን ጎማውና መስታወቱ መካከል አስገብተህ ትዘጋለህ፣ ከዚያ ትጎትታለህ። ሲጎተት ከያዘህ ጎማው ይጫናል። ዝም ብሎ ከወጣ እዚያ ቦታ ውሃ ይገባል። በግራ ሁሉም ያዘ። በቀኝ፣ የመስታወቱ የኋላ ጫፍ ላይ ብሩ ላላ ብሎ ወጣ። መስታወቱን በትንሹ አስተካከልነውና ያዘ።

ውሃውን በጎማ ቱቦ፣ በዝግታ፣ ከታች ጀምረን ወደ ላይ አደረግነው። ከላይ ከጀመርክ ውሃው ሁሉንም ስለሚያዳርስ በየት እንደገባ አታውቅም። የመኪና ማጠቢያ ኃይለኛ ውሃ አልተጠቀምንም፤ እሱ ጤነኛ ጎማም ያልፋል። ልጁ ስልኩን አብርቶ ውስጥ ተቀመጠ። ሩብ ሰዓት ቆይቶ ደረቅ ሆኖ ወጣ። ቱቦዎቹም በሁለቱም በኩል ከሥር ውሃውን አንዠቀዠቁት።

ከዚያ ወደ መራዊ በሚወስደው አስፋልት ነዳናት፣ ተመልሰን በሰፈራችን ኮብልስቶን አሄድናት። ከመንገድ በኋላ ሌላ ሦስት ጊዜ ከፈትን፣ ዘጋን። ቆማ የሠራ ነገር ተንገጫግጮ ላይሠራ ይችላል። ቁልቁለት ላይ ግን አልሞከርንም። ጣሪያ የሌላት መኪና አካሏ እንደሌላው ግትር አይደለም፤ አንድ ጎማዋ ከፍ ብሎ ከቆመች ትጠማዘዝና መቆለፊያው ቦታውን ሊስት ይችላል። ሾፌሩ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ለፎቶ ሲወጡ ሜዳውን መርጦ እንዲከፍት ነገርነው።

ለሌላ መኪና የሚሆነው

ይህ ጉዳይ ለጣሪያ ብቻ አይደለም። በሞተር የሚከፈት የቫን በርም፣ የገልባጭ መኪና ስፖንዳም፣ ተራ የኤሌክትሪክ መስኮትም ላይ አሁን የምሠራው በዚሁ ነው። የምፈትነው ደንበኛው በሚጠቀምበት ሁኔታ ነው። ጋራዥ ውስጥ ቻርጀር አለ፣ ሜዳ አለ፣ ጥላ አለ። ደንበኛው ጋ ሦስቱም ላይኖሩ ይችላሉ።

ባይሠራ የሚጎዳው በየትኛው አቅጣጫ ነው ብዬም እጠይቃለሁ። ጣሪያ ባይከፈት ሙሽሮቹ ትንሽ ቅር ይላቸዋል። ባይዘጋ ይረጥባሉ። እኔ ያጣራሁት ቅር የሚያሰኘውን ነበር። ሰው ደግሞ የሚያጨበጭበው ሲከፈት ነው፤ ጭብጨባው ያታልላል።

አንድ ጥፋት ማግኘት ሌላ የለም ማለት አይደለም። የሚያፈስ ሲሊንደር ነበር፣ እውነት ነው፤ አድሰነዋል፣ ያም ልክ ነበር። የዛገው ማሳም እውነት ነበር። ሁለቱም እያሉ ሽቦው ተበጥሶ ይጠብቀን ነበር። የሚመጣና የሚሄድ ብልሽት በሁለት ሙከራ አይያዝም። ስድስት ጊዜ ያለፈ ነገር በሰባተኛው ቆሟል። እንዲህ ያለውን በቁጥርና በትዕግሥት እንጂ በዕውቀት ብቻ አታገኘውም።

ረዳት የሚለውንም መስማት ነው። ዘይቱ ከየት መጣ ብዬ ስጠይቅ ልጁ ውሃው ከየት መጣ እያለኝ ነበር።

አሁን

የሁለተኛውን ሥራ የእጅ ዋጋ አልተቀበልኩም። እትዬ ለሙሽሮቹ ቤተሰብ ከመለሱት ገንዘብም ግማሹን እኔ ከፈልኩ።

መኪናዋ ከዚያ ወዲህ ስድስት ሰርግ ሠርታለች። አንዱ ደብረ ማርቆስ ነበር። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ዳር ወደ 600 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ ጠዋቷ ይቆረቁራል። ሾፌሩ በማለዳ ሲዘጋ 27 ሰከንድ ጻፈ። ደንግጦ ደወለልኝ። ዘይት ሲቀዘቅዝ ይወፍራል፣ ጨርቁም ይደርቃል አልኩት። ከሰዓት በኋላ ወደ 24 ተመልሷል። ደብተሩ አሁን ከመሪው ጎን ባለው ኪስ ውስጥ ነው።

አበባ ሲበተን ሾፌሩ አሸንዳው ላይ ነጭ አንሶላ ያነጥፋል። ቪዲዮ ቀራጮቹ አልወደዱትም፤ ምስሉን ያበላሻል ይላሉ። ተስማምተው፣ ካሜራው ሲጠጋ ያነሳዋል፣ ሲርቅ ይመልሰዋል። በየወሩ አንድ ብርጭቆ ውሃ በየጎኑ እያፈሰሰ ከሥር መውጣቱን ያያል።

አንድ ነገር ቀርቷል። ኮብልስቶን ላይ ስትሄድ ከጣሪያው ቀኝ ጥግ የሆነ ነገር ይንቋቋል። አስፋልት ላይ የለም። ሁለት ጊዜ ፈትቼ አጥብቄዋለሁ፣ ለአንድ ሳምንት ይጠፋና ይመለሳል። እትዬ «ይዘጋልኝ እንጂ ይንቋቋ» ብለዋል። እኔ ግን ሰኔ ላይ ሥራ ሲቀንስ ላመጣት ቀጠሮ ይዣለሁ።